ጥቁሩን በርኖስ ያላየው ዓይን

እኔ ገሠሠ ሰው የሚሞትበትን መሣሪያ ሁሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰባት ዓመት ወታደር ነበርኩ፤ ፈንጂ ሰው ሲበትን፣ ታንክ በወደቀ ሰው ላይ ሲሄድ አይቻለሁ። በ1983 ሠራዊታችን ሲፈርስ ከሰሜን እስከ መንዝ በእግሬ መጣሁና "ከእንግዲህ ደም አላይም" ብዬ ማልኩ። እግዚአብሔር ሳይስቅብኝ አልቀረም። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ በተሠራ የበግ ፀጉር ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ቆሜ፣ ማሽን ገብረየሱስ የሚባለውን ሠራተኛ ሲበላው አየሁ።

የምጽፈው ግን ስለ ገብረየሱስ አይደለም። ገደለችው ስለተባለችው ስለ ማናለብሽ ነው። ስለ እሷ ብዙ ሰው ብዙ አውርቷል፤ አብዛኛው በቦታው ያልነበረ ነው። እኔ ነበርኩ።

ማናለብሽ የዘመሮ ገበሬ ልጅ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ከገበያ ስትመለስ አራት ጎረምሶች ሊጠልፏት መንገድ ላይ ጠበቋት። አንደኛው አፏን ሊያፍን ሲሞክር ጣቱን እስከ አጥንቱ ነከሰችው፤ ሌላውን በያዘችው የላምባ ጠርሙስ ግንባሩን ፈነከተችው። ደም በደም ሆና ቤቷ ስትገባ አባቷ "ከሰው አጣላሽን" ብለው በጅራፍ ገረፏት። ብትጠለፍ ኖሮ ያለቅሱላት ነበር፤ ስላመለጠች ገረፏት። ሰንበሩ ሳይጠፋ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ ሰው ቤት እየሠራች ተማረች፤ ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ተመረቀች። በ2002 ፋብሪካው ሲከፈት የመብራቱና የማሽኑ ባለሙያ ሆና የመጣችው እሷ ነበረች። ምሰሶ ላይ ስትወጣ ከሥር ቆሞ የሚያፌዝ አልጠፋም። በአንዱ ላይ ፒንሳ ለቀቀችበትና ትከሻውን አገኘው። "አመለጠኝ" አለች። ከዚያ ወዲያ ከሥር የሚቆም ሰው አላየሁም።

ፋብሪካው ከመንዝ ገበያዎች የበግ ፀጉር እየገዛ፣ አጥቦና አድርቆ፣ ጨምቆ በእስር በእስር ወደ አዲስ አበባ ይልካል። የሚጨምቀው ማሽን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት ሣጥን ነው። ፀጉሩ ከፊት ባለው አፉ ይገባል፤ ከላይ ደግሞ ከባድ ብረት ወርዶ ይደቁሰዋል። ሠራተኛው ያንን ብረት "ጡጫው" ይለው ነበር። ጡጫው የሚወርደው ሰው አዝዞት አይደለም። በሣጥኑ አፍ ግራ ጉንጭ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ተገጥማለች፤ ወደ ቀኙ ጉንጭ ሌዘር የሚባል ቀይ ጨረር ትልካለች። እሷን "ዓይኑ" አልናት። ዓይኑ "አፉ ባዶ ነው" ካለ፣ ማሽኑ እስከ አምስት ቆጥሮ ጡጫውን በራሱ ያወርዳል። ዓይኑ አንድ ነገር ካየ ግን ጡጫው መንገድ ላይ ቢሆን እንኳ ባለበት ይቆማል።

እንዴት እንደሚያይ ማናለብሽን ጠየቅኋት።

"ጋሼ ገሠሠ፣ ገደል አፋፍ ቆመው ጮኸው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"መንዝ ተወልጄ!"

"የገደል ማሚቶው ቶሎ ከመለሰልዎት ማዶው ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ይሄም እንደዚያው ነው፤ በድምፅ ፋንታ ብርሃን ነው የሚልከው። ብርሃኑ ማዶ ያለውን ብረት መትቶ ሲመለስ 'አንድ ሜትር ከአርባ' ይላል። መሐል ላይ እጅ ከገባ ብርሃኑ ከእጁ ላይ ይመለሳል፤ ቁጥሩ ያንሳል። ቁጥሩ አነሰ ማለት ሰው አለ ማለት ነው።"

እኔ ገባኝ፤ ሠራተኛው ግን አላመነም። ወደ ሣጥኑ አፍ የሚጠጋ ጠፋ። ማናለብሽ ሁሉንም ሰበሰበችና እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ጡጫው እየወረደ ሳለ ባዶ ክንዷን በአፉ አስገባች። ሴቶቹ ጮኹ። እኔ የጦር ሜዳ ሰውዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጡጫው ከክንዷ አንድ ስንዝር ላይ ቆሟል። "እኔን ካየ እናንተንም ያያችኋል" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሁሉ ሰው ክንዱን ያለ ፍርሃት ሲያስገባ ሲያወጣ ይውል ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው።

ሁለት ዓመት በሰላም ተሠራ። የሚገዛው ነጭ ፀጉር ነበር። በ2004 ሥራ አስኪያጁ "ጥቁሩም ይገዛ" አለ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ነገር ጀመረ። ጥቁር የበግ ፀጉር ብርሃን ይጠጣል እንጂ አይመልስም። አፉ ላይ አንድ ጥቁር ቁራጭ በቀረ ቁጥር ዓይኑ ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል፤ ማናለብሽ መጥታ በቁልፍ ካላስነሳችው አይነሣም። በቀን ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት "ያቃተው ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?" እያለ ያዋርዳት ነበር። አንድ ቀን ለሃያ ስምንተኛ ጊዜ ሲያስጠራት ደሟ ፈላና ዓይኑን እንዲህ ብላ አዘዘችው፦ ቁጥሩ ሲጠፋብህ፣ በመጨረሻ ያየኸውን ይዘህ ቀጥል። እንዲህ ያለው ማዘዣ እዚያው ዕቃው ላይ አለ፤ እሷ የፈጠረችው አይደለም። ማሽኑ መቆሙን ተወ። ሥራ አስኪያጁ አመሰገናት። እኔም "ጎበዝ!" አልኳት፤ ምን አውቄ።

ታኅሣሥ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያደረበት ማለዳ ነበር። ፋብሪካው ለሠራተኛው ስስ ነጭ ካፖርት አድሎ ነበር። በዚያ ብርድ በስስ ካፖርት የሚውል መንዜ ግን የለም፤ ሁሉም የየቤቱን በርኖስ ይደርብበታል። ገብረየሱስ የአባቱን በርኖስ ደርቦ መጣ፤ ከጥቁር በግ ፀጉር የተሠራ፣ ዝናብ የማያሳልፍ ወፍራም በርኖስ። አፉ ላይ የተሰካ ፀጉር ሊገፋ ጎንበስ አለ። ትከሻው ከነበርኖሱ ጨረሩ ላይ ገባ። ብርሃኑ ሄደ፤ አልተመለሰም። ዓይኑ በመጨረሻ ያየውን ባዶ አፍ ይዞ ቀጠለ። ማሽኑ እስከ አምስት ቆጠረ፤ ጡጫው ወረደ።

የደረቱ አጥንት ሲሰበር በር ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ እንጨት የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ሮጬ ስደርስ ከወገቡ በታች ያለው ብቻ ውጭ ነው፤ እግሮቹ ይራገጣሉ። ማናለብሽ በስተጀርባ ያለውን፣ ከተሳበ ጡጫውን ላይ ይዞ የሚያስቀረውን የእጅ ማንሻ ተንጠልጥላበት ጡጫውን አነሣችው። ጎትተን ስናወጣው በአፉና በአፍንጫው ደም እየፈላ ይወጣ ነበር። በፋብሪካው መኪና ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ስንወስደው መንገድ ላይ ጭኔ ላይ ሞተ። የመጨረሻ ቃሉ "ቀዘቀዘኝ" የሚል ነበር።

ስመለስ ማናለብሽ ሣጥኑ ፊት ቆማለች። ከበርኖሱ የተቀደደ ቁራጭ ጨረሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደም ያንጠባጥባል። ዓይኑ ላይ ያለችው፣ ቁጥሩን የምታሳየው ትንሽ መስኮት ግን አሁንም አንድ ሜትር ከአርባ ትላለች። ባዶ ነው ትላለች። ማናለብሽ አየችውና እዚያው ደሙ ላይ ተቀመጠች።

በቀብሩ ዕለት የገብረየሱስ ታናሽ ወንድም ውባየሁ ሰው መሐል ለይቶ አገኛት። "ማሽን ደም የለውም! ዓይን የሰጠችው ናት የገደለችው!" ብሎ በከዘራ አፏን መታት፤ ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ወድቃ ሳለ ሆዷን ረገጣት። ባንይዘው ኖሮ በአንድ ቀን ሁለት መቃብር ይቆፈር ነበር። "የወንድሜ አርባ ሳይወጣ አርድሻለሁ" አለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት። እንደዚያ ያለ ቃል በእኛ አገር ተነግሮ አይቀርም።

ወንድሟ ባምላኩም ዝም የሚል ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ክላሹን ይዞ ከዘመሮ መጣና የውባየሁን በር በጥይት ወንፊት አደረገው። በሳምንቱ የእነ ባምላኩ የገብስ ክምር ነደደ፤ አራት በጎቻቸው አንገታቸው ተቆርጦ ደጃፋቸው ላይ ተደርድረው ተገኙ። ባምላኩ ደግሞ መንገድ ላይ አድፍጦ ተኮሰ፤ ውባየሁን ስቶ የተቀመጠበትን በቅሎ ጣለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እዚህ ግን ወጊና ተወጊው ተደባልቆ ነበር። ማናለብሽ ፋብሪካው ውስጥ ከእኔ ጎጆ ጎን ማደር ጀመረች። ማሽኑን በራሷ ቁልፍ ቆልፋ "ማንም አይነካውም" ብላ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ መፍትሔ አመጣ። "መብራት ተቆራርጦ ነው በያቸው። መብራት የማይቆራረጥበት አገር የለንም፤ ማን ይጠይቅሻል?" አላት። በሁለቱ ቤተሰብ መሐል የገቡት ሽማግሌዎችም ይህንኑ ይፈልጉ ነበር። "የእግዚአብሔር ቁጣ ነው" ብለው ለማስታረቅ ከዚህ የሚመች ምክንያት የለም። እኔም መከርኳት፤ አልደብቅም።

ስትናገር በጎደለው ጥርሷ በኩል ነፋስ ያፏጫል። "ጋሼ ገሠሠ፣ ዓይኑ ዝም ሲል 'ቀጥል' ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እኔ ዝም ብዬ ልቀጥል? ነገ ሌላ ባለበርኖስ ይመጣል እኮ።"

"ይገድሉሻል።"

"ይግደሉኛ! ውሸቴን ሰምተው ከሚምሩኝ እውነቱን ሰምተው ይግደሉኝ።"

ተናደድኩባት። ጎጆዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁባትና፣ ከልቤ ነው የምላችሁ፣ አለቀስኩ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ በማናለብሽ ልመና ፋብሪካው ውስጥ ተሰበሰቡ። የመሩት መምሬ ኪዳነ ወልድ ነበሩ። ባምላኩ እንዳይመጣ በግዝት ከልክለውታል። የሟች እናት እማማ አመተሥላሴ ጥቁር ለብሰው መጡ። ከበሩ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ማናለብሽ አንገቷ ላይ ተሸክማ እማማ እግር ሥር የምትወድቅበት ነው። እርቅ ከሆነ ድንጋዩን ከአንገቷ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። እኔ ዱላና ጠመንጃ በር ላይ አስቀረሁ። ውባየሁ የወንድሙን በርኖስ ለብሶ መጣ፤ ያንኑ የተቀደደውን። ጠመንጃውን ያለ ቃል ሰጠኝ። ከበርኖሱ ሥር ግን አልፈተሽኩትም። የሐዘንተኛን ልብስ መፈተሽ ነውር መሰለኝ። ያ ነውሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መምሬ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሲጨርሱ ማናለብሽ ማሽኑን አስነሣች። ነጭ ፀጉር በእንጨት ጫፍ ጠቅልላ ወደ አፉ አስገባች፤ ጡጫው ቆመ። ባዶ እጇን አስገባች፤ ቆመ። ቀጥሎ በእንጨቱ ጫፍ ጥቁር ፀጉር ጠቀለለች። እስከ አምስት ስንቆጥር ጡጫው ወርዶ እንጨቱን ሰባበረው። ስንጥሩ እስከ መምሬ እግር ድረስ ተፈናጠረ።

"ጥቁር ፀጉር ብርሃኑን ስለማይመልስ ዓይኑ ያለውን አያውቅም" አለች። "መጀመሪያ እንዲህ ሲሆን ይቆም ነበር። ሥራ አስተጓጎለ ተብዬ 'ቀጥል' ያልኩት እኔ ነኝ። መብራት አልተቋረጠም። የእግዚአብሔርም ቁጣ አይደለም። ገብረየሱስን የገደለው የኔ ትእዛዝ ነው።"

መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለሠላሳ ስምንት ቀን የሸመኑትን እርቅ በአንድ ትንፋሽ በጠሰችባቸው።

ውባየሁ ከተቀመጠበት ሲነሣ ጩቤው እጁ ላይ ነበር። ማንም ሳይደርስበት ግራ ትከሻዋ ላይ ሰካው፤ አጥንቷ ሲንቋቋ ተሰማ። ነቅሎ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰነዝር ማናለብሽ ተጣጥፋ በሣጥኑ ጎን፣ ከዓይኑ ሥር ወደቀች። ጩቤው አየር መታ። ውባየሁ በኃይሉ ተወርውሮ፣ ጭንቅላቱ ከጨረሩ በላይ አልፎ፣ እስከ ደረቱ ሣጥኑ አፍ ውስጥ ገባ፤ ጨረሩን የሸፈነው በርኖሱ ብቻ ነበር። የተቀደደው በርኖስ የሣጥኑ በር መቀርቀሪያ ላይ ተሰክቶ አንቆ ያዘው። ማሽኑ እንደበራ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚመጣ አላወቁም። የምናውቀው እኔና እሷ ነን። "ውጣ! ውጣ!" ብላ ጮኸች። እሱ እርግማን መስሎት ጭንቅላቱ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ይሳደባል፤ በጩቤውም ወደ ኋላ ይወነጭፋል። ጡጫው መውረድ ጀመረ። ቀኝ እጇ ከሥሯ ታጥፎ ስለነበር የተወጋውን ግራውን አነሣች። እንዴት እንዳነሣችው አላውቅም። ደም እየወረደበት ያ ክንድ ሽቅብ ሄደ፤ በዓይኑና በጥቁሩ በርኖስ መሐል ገባ። ቀይዋ ነጥብ እጇ ላይ በራች።

ጡጫው ከውባየሁ ማጅራት ላይ ሦስት ጣት ሲቀረው ቆመ።

"ማንሻውን!" አለችኝ። ማንሻው በስተጀርባ ነው። ሣጥኑን ዞሬ ስሮጥ ክንዷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ከዚያ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ክንዷ ወደቀ። አለቀለት ብዬ ጮኽኩ። ጡጫው ግን አልወረደም። ያቺ የተረገመች ትእዛዝ አሁንም አልተነካችም ነበር፤ ዓይኑ በመጨረሻ ያየውን ይዞ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ያየውም የማናለብሽን ክንድ ነበር። ራሷን ስታ መሬት ላይ ተዘርግታ ሳለች ማሽኑ "ሰው አለ" እያለ ቆሞ ጠበቀ። ማንሻውን ጎተትኩ፤ መምሬና ሌሎቹ በርኖሱን ቀደው ውባየሁን አወጡት።

መምሬ ትከሻዋን በነጠላቸው አስረው ውኃ ሲረጩባት ነቃች። መጀመሪያ የተናገረችው "ድንጋዩን አምጡልኝ" ነው። ተነሥታ በአንድ እጇ ልታነሣው ሞከረች፤ አቃታት። ውባየሁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። መጣና ድንጋዩን አንሥቶ በራሱ አንገት ላይ አደረገው፤ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ሄዶ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ። እሷም ተንበረከከች።

እማማ አመተሥላሴ ሁለቱን አዩዋቸው። "ይቅር የምለው ለማን ነው?" አሉ። "ላንተ ነው ወይስ ለእሷ?"

እማማ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከልጃቸው አንገት አወረዱ። ከዚያ የማናለብሽን የተወጋ ክንድ ቀስ ብለው አንሥተው እጇን ሳሙት፤ ከንፈራቸው በደሟ ቀላ። ያን ጊዜ ነው ውባየሁ እንደ ሕፃን ያለቀሰው።

ፖሊስ ሲጠይቃት "ብረት ወጋኝ" አለች። ማናለብሽ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግራ ክንዷ ከዚያ ወዲህ ከትከሻዋ በላይ አልወጣም። ከሕክምና ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ትእዛዙን መለወጥ ነው፦ ቁጥሩ ሲጠፋብህ ቁም። ጥቁር ፀጉር በመጣ ቁጥር ማሽኑ እንደገና በቀን ሠላሳ ጊዜ መቆም ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ሊጮኽ ሲል ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "እርስዎ ይቀይሩት። ስምዎንም እዚሁ ማሽኑ ላይ ይጻፉ" አለችው። ቁልፉን መለሰላት። "በርኖስ ለብሶ መሥራት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ግን ለጠፈ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያንን ውርጭ በማስታወቂያ ማን ይሞቃል?

ውባየሁ በወንድሙ ቦታ ተቀጠረ። ባምላኩ ሁለት ዓመት አኩርፎ ኋላ ለውባየሁ ልጅ ክርስትና አባት ሆነ። እኔ በ2010 ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን በየማለዳው የማየው ነገር አንድ ነበር። ሥራ ሳይጀመር ውባየሁ የገብረየሱስን በርኖስ ከሚስማሩ ያወርዳል። እናቱ አጥበው ሰፍተውታል። በእንጨት አንጠልጥሎ ሣጥኑ አፍ ላይ ይይዘዋል። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ማናለብሽ ጎንበስ ብላ ትንሿን መስኮት ታነባለች።

"አየው?" ይላታል።

"አላየውም" ትለዋለች። "ግን ቆመ።"